«እኔ ምን ልሠራ ነው?» ላልሽኝ ነርስ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ነርስ «ሲስተር፣ ፓሊየቲቭ ቡድን ውስጥ መደቡኝ። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪሙ ነው፤ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለችኝ። ፓሊየቲቭ ማለት ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ሥቃይ የማስታገስ እንክብካቤ ነው። ወዲያው አንዲት እናት ትዝ አሉኝ።

የማኅፀን በር ካንሰር ነበረባቸው። ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ይባላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ቻርቱ ላይም «ደህና» ተብሎ ይጻፋል። ሌሊት ግን አጠገባቸው የተኛችው እንዳትነቃ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ነው የሚያቃስቱት። ሞርፊን፣ ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ፣ ታዞላቸዋል። መድኃኒቱም አለ። ቁም ሳጥኑ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። ብንደውል ብንደውል ማን ያንሳ! እስኪነጋ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ደግሞ ጭራሽ እኔን ያባብሉኛል፣ «ልጄ፣ ደከመሽ እኮ፣ ሂጂ ትንሽ ጋደም በይ» እያሉ። ልጃቸው ኮሪደር ላይ «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሯት» ብላ ትለምነን ነበር። ሴትዮዋ ከሁላችንም ቀድመው አውቀውታል። ያ ሌሊት እስካሁን ያንገበግበኛል።

እና ልጄ፣ ተረኛ ስትሆኚ መጀመሪያ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር ጠይቂ። «ደህና ነኝ»ን ደግሞ አትመኚ፤ የእኛ ሰው ሐኪም ፊት አያመውም። ሌሊት ያየሽውን ጠዋት ለቡድኑ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚጨምረው በዚያ ነው።

የዛሬ ልጆች ዲግሪያችሁ ከእኛ ይበልጣል፣ አልጋ ዳር መቀመጥ ግን ቶሎ ይሰለቻችኋል፤ እጃችሁ ስልክ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ክፍሉ ሞልቶ ተረኛዋ አንድ ስትሆን እኔም መቀመጥ አልችልም ነበር።

«ሐኪሙ ያዛል» ላልሽው፣ ኡጋንዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓሊየቲቭ ልዩ ሥልጠና የወሰደ ነርስ ሞርፊን እንዲያዝ ፈቅዳለች። የፓሊየቲቭ እንክብካቤ የሚሰጠውን ድርጅት፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያንም፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው ነርስ ናት፣ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን።

በይ ሌላው ሥራ ላይ ይገባሻል። ይህቺን ግን ያዢ፦ የሚጠጣው ሞርፊን «ሲያመው» ተብሎ ብቻ አይሰጥም፣ በየ4 ሰዓቱ ነው። ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህ ማለስለሻው፣ ለምሳሌ ቢሳኮዲል፣ ታማሚው ተቅማጥ ከሌለው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ሐኪሙ ከረሳ አስታውሺው። ካኮረፈ ያኩርፍ።