ትንንሾቹ ግዢዎች ጸድቀው ለምን ይቆማሉ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የግዢ ማጽደቂያ ሂደታችንን በቢፒኤምኤን (የሥራ ሂደትን በምልክቶች መሣያ ደንብ፣ ሶፍትዌር አንብቦ የሚያስኬደው) ሥለን ሥራ አስጀመርነው። ሥራ አስኪያጅና ፋይናንስ የሚያጸድቋቸው ትልልቅ ግዢዎች በደንብ ያልፋሉ። ሥራ አስኪያጅ ብቻ የሚያጸድቃቸው ትንንሾቹ ግን ከጸደቁ በኋላ ይቆማሉ። የስህተት መልእክት የለም። አንድ ባለሙያ ነካክቶት ለትልልቆቹ ትዕዛዝ ሁለቴ ይላክ ጀመር፤ ወደ ነበረበት መለስነው።»

ሥዕሉን ባላየውም፣ የምጠረጥረው መንገዶቹ የሚገናኙበትን ዳይመንድ ነው። ውስጡ የመደመር ምልክት ይኖራል። ከሁሉ በፊት ግን አደራ፦ የቆሙትን ጥያቄዎች ዳታቤዝ ውስጥ ገብታችሁ በእጅ እንዳትነካኩ።

ነገሩን በዱላ ቅብብል አስቡት። ጥያቄ ሲገባ ሶፍትዌሩ አንድ ዱላ ያስነሳል፤ ቶከን የሚሉት እሱን ነው። መደመር ያለበት ዳይመንድ መንገድ ሲከፍት ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ዱላ ይሰጣል። ኤክስ ያለበት ግን አንዱን መንገድ ብቻ ይመርጣል። መገናኛ ላይ ደግሞ መደመሩ ከሚገቡት መንገዶች ሁሉ ዱላ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ትንሹ ግዢ ወደ ፋይናንስ ዱላ አልላከም፤ ስለዚህ መደመሩ የማይመጣ ዱላ ይጠብቃል። ኤክስ መገናኛ ላይ አይጠብቅም፣ የደረሰውን ወዲያው ያሳልፋል። ሁለት ዱላ ከደረሰው ሁለቴ ያሳልፋል። ያ ባለሙያ መደመሩን በኤክስ ቀይሮት ነው ትዕዛዙ የተደገመው። ምልክት ቀይሮ መንገዱን ሳይከተሉ መሄድ ጥገና አይደለም!

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ በየቦታው የሚገለበጠው፣ ለሥዕል ብቻ የሚሆን ነፃ የቅርጽ ስብስብ ነው። እዚያ ዳይመንዱ ሥዕል ብቻ ነው፤ ስህተቱን የሚነግራችሁ የለም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቢፒኤምኤን 2.0 ደንብ እያንዳንዱ ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ለይቶ አስቀምጧል። ሥዕላችሁን በደንቡ የሚፈትሽ መሣሪያ ተጠቀሙ።

መፍትሔው፦ መጀመሪያ በኤክስ ትንሹንና ትልቁን ለዩ። በትልቁ መንገድ ላይ በመደመር ከፍታችሁ በመደመር ዝጉ። ከዚያ ሁለቱን መንገዶች በኤክስ አገናኙ። ክብ ያለበት ዳይመንድም (የተላኩትን ዱላዎች ብቻ የሚጠብቀው) ይሠራል፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ሲያነበው ግልጽ የሚሆንለትን እመርጣለሁ።

በቅጂ ላይ ሳትሞክሩት አትጫኑት። የተጀመሩት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ሥዕል ላይ ይቀራሉ፤ እነሱን በመሣሪያው የአስተዳዳሪ ገጽ አንቀሳቅሱ ወይም ሰርዙ። ደግሜ እላለሁ፣ በዳታቤዝ አይሁን።

ስትሞክሩ ፋይናንስ ውድቅ ያደረገውን ትልቅ ግዢም ጨምሩ። የውድቅ ቀስቱ ከመደመሩ በፊት ወደ ውጭ ከዘለለ የሥራ አስኪያጁ ዱላ እዚያው ታግቶ ይቀራል። ሁለቱም መልሶች መደመሩ ድረስ ይምጡ፤ «ሁለቱም አጽድቀዋል?» የሚለውን ከእሱ ቀጥሎ በኤክስ ጠይቁ።