ጠባብ ክፍል፣ ያልተነካ ግድግዳ

ጥያቄ፦ በአዳማ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንኖረው 3 ሜትር በ4 ሜትር በሆነች አንዲት የኪራይ ክፍል ነው። አልጋውና ቁም ሣጥኑ ወለሉን ስለሞሉት ልጆቹ የሚያጠኑበት ስፍራ አጡ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወለልዎ 12 ካሬ ሜትር ብቻ ቢሆንም ግድግዳው ገና አልተነካም። በእኛ አስተያየት መጀመሪያ መውጣት ያለበት ቁም ሣጥኑ ነው፤ አናጺ የአልጋውን እግር 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ቢያደርግልዎ ልብሱ ክዳን ባላቸው ሣጥኖች ተደርጎ ከአልጋው ሥር ይገባል። በተለቀቀው ግድግዳ ላይ፣ አከራይዎን አስፈቅደው፣ በማጠፊያ የሚወርድና የሚነሣ ጣውላ ቢያስገጥሙ ልጆቹ ሲያጠኑ ጠረጴዛ ይሆናቸዋል፤ ሲጨርሱም ተነሥቶ መተላለፊያውን ይለቃል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ግን ምስማሩ ምርጉን ብቻ ሳይሆን ቋሚውን እንጨት መያዙን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ጣውላው ተነቅሎ ልጆቹን ሊጎዳ ይችላል። መስኮቱን በዕቃ አይጋርዱ፤ በአዳማ ሙቀት አየር የማያገኝ ክፍል ከስፋቱ ይልቅ ጠቦ ይሰማል። ስለ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን፦ ቦታ ጠበበ ተብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኙትን ሳይነቁ ይገድላል።