የጠጣሁት ወይን በወተቴ በኩል ወደ ልጄ ደርሶ ይሆን?

ጥያቄ፦ የአራት ወር ወንድ ልጅ እናት ነኝ፤ ልጄ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከጡቴ በቀር ሌላ ነገር ቀምሶ አያውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ በታናሽ እህቴ ሠርግ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለት ብርጭቆ ወይን ጠጣሁ። ቤት ስገባ ጸጸት ያዘኝና ወተቴን አልቤ ደፋሁት፤ ለልጁም የዱቄት ወተት በጡጦ ሰጥቼው፣ ድካሙ ስለበረታብኝ አልጋዬ ላይ አጠገቤ አስተኝቼው አደርኩ። እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ድረስም አላጠባሁትም። ጓደኛዬ አልኮል በወተት ውስጥ ለቀናት እንደሚቆይ ስትነግረኝ፣ አማቴ ደግሞ «ቢራ እንኳን ሊጎዳ ወተት ያበዛል፤ ምን አስጨነቀሽ?» ይሉኛል። ልጄን ጎድቼው ይሆን? ጡት ማስጣልስ ይኖርብኛል?

ጭንቀት ላይ ያለች እናት

መልስ፦ የተጨነቁበትን ነገር አስቀድሜ ልመልስ። ልጅዎን ያጠቡት የመጨረሻውን ብርጭቆ ከጠጡ ከ15 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ከሁለቱ ብርጭቆ ወይን በደምዎም ሆነ በወተትዎ ውስጥ የቀረ አልኮል አልነበረም። ጡት ለማስጣልም የሚያበቃ ምክንያት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠቡ ይመክራል፤ የአንድ ምሽት ወይን ይህን አያስቀርም። ይሁን እንጂ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፉት አንድ ነገር ከወይኑ ይልቅ አሳስቦኛልና፣ ከሌሎቹ ጥያቄዎች በኋላ እመለስበታለሁ።

አልኮል ከደም ወደ ወተት ያለ ከልካይ ያልፋል፤ በወተት ውስጥ የሚገኘው መጠንም በዚያው ሰዓት በደም ውስጥ ካለው ጋር ተቀራራቢ ነው። መጠኑ ከፍ የሚለው ከተጠጣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ትንሽ ይዘገያል። ጓደኛዎን ያሳሳታቸው ወተት አልኮልን እንደ ጎተራ አጠራቅሞ የሚያኖር መምሰሉ ይመስለኛል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ጉበት አልኮሉን እያቃጠለ ከደም ሲያስወግደው፣ በጡት ውስጥ ባለው ወተት የነበረውም ተመልሶ ወደ ደም እየገባ አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ አልቦ መድፋት ወተቱን ፈጥኖ አያጠራውም፤ በደም ውስጥ አልኮል እስካለ ድረስ አዲስ የሚመነጨውም ወተት ያው አልኮል ይኖርበታል። ማለብ የሚጠቅመው ጡትዎ አጋቶ ሲያስቸግርዎት ወይም ሕፃኑ በማይጠባባቸው ሰዓታት ወተቱ እንዳይቀንስ ሲፈልጉ ነው። ቡና መጠጣት፣ ብዙ ውኃ መጠጣትም ሆነ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ጉበትን አያፋጥነውም፤ ከጊዜ በቀር መድኃኒት የለውም።

ጊዜው ምን ያህል ነው ለሚለው፣ መጀመሪያ «አንድ መጠጥ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መስማማት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዱ ቤት ብርጭቆ የሚባለው በሌላው ቤት ሁለት ሊሆን ይችላል። በብዙ የሕክምና ጽሑፎች አንድ መጠጥ ተብሎ የሚቆጠረው 14 ግራም ገደማ ንፁህ አልኮል የያዘ ሲሆን፣ ይኸውም የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ ከሆነ ቢራ 355 ሚሊ ሊትር፣ 12 በመቶ ከሆነ ወይን 150 ሚሊ ሊትር፣ 40 በመቶ ከሆነ እንደ ውስኪ ያለ ጠንካራ መጠጥ ደግሞ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ለአንዱ መጠጥ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ለሁለቱ ከ4 እስከ 5 ሰዓት፣ ለሦስቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መጠበቅ ይገባል፤ የሰውነት ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ እናቶች ረዘም ያለውን ጊዜ ቢወስዱ ይሻላል። በእርስዎ ሁኔታ ስሌቱን ብንሠራው፣ ብርጭቆዎቹ ከዚህ ልክ ያልበለጡ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ማጥባት ይችሉ ነበር።

ከሰዓቱ በፊት ቢያጠቡት ኖሮስ? በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ ግማሽ ግራም አልኮል ቢኖር፣ 150 ሚሊ ሊትር የጠባ ሕፃን የሚደርሰው ከአንድ ግራም አሥረኛ እጅ እንኳ ያነሰ ነው። በእርግጥ የጨቅላ ሕፃን ጉበት አልኮልን የማስወገድ አቅሙ ከአዋቂ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ፣ በተለይ ከሦስት ወር በታች ላሉና ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ጥንቃቄው ጠበቅ ማለት አለበት፤ ጨርሶ አለመጠጣት ከሁሉ የተሻለ አስተማማኝ መንገድ መሆኑም አያከራክርም። አንድ እናት ብዙ ጠጥታ ካጠባች በኋላ ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ቢፈዝ፣ ለመቀስቀስ ቢያስቸግር ወይም መጥባት ቢሳነው፣ ሳይነጋ ወደ ሐኪም መወሰድ ይኖርበታል።

የአማትዎ አባባል በብዙ አገሮች የኖረ ነው፤ ፈጽሞ ከሜዳ የመጣም አይደለም። በቢራ ውስጥ ያለው የገብስ ንጥረ ነገር ፕሮላክቲን የተባለውን ወተት አመንጪ ሆርሞን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ግን አልኮል በሌለበት ቢራም የሚገኝ ስለሆነ ምስጋናው ለአልኮሉ አይደለም። አልኮሉ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ይገታል። በ1991 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናትም እናቶቻቸው አልኮል በጠጡበት ጊዜ ሕፃናቱ ደጋግመው ቢጠቡም ያገኙት ወተት ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ጡት የሞላ መምሰሉ ወተቱ ሳይወርድ ስለቀረ ሊሆን ይችላልና፣ አማትዎ የታዘቡት ነገር እውነት፣ የሰጡት ምክንያት ግን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወዳሳሰበኝ ነገር ልመለስ። ወተቱን በጥንቃቄ ደፍተው ሕፃኑን ግን አጠገብዎ አስተኝተው አድረዋል። በዚያ ሌሊት ለልጅዎ አደገኛ የነበረው ጡትዎ ሳይሆን አልጋዎ ነበር። የጠጣ ሰው እንቅልፉ ከባድ ነው፤ ዞር ሲል ሕፃኑን መጫኑን ወይም ብርድ ልብሱ ፊቱን መሸፈኑን ላያውቅ ይችላል፤ በጠጡ ወላጆች አጠገብ የሚተኙ ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የመሞት አደጋቸው ከፍ እንደሚልም በጥናት የተረጋገጠ ነው። ሶፋ ላይ ታቅፎ ማንቀላፋት ደግሞ ከአልጋውም ይብሳል። ይህን የምጽፈው በጸጸትዎ ላይ ሌላ ጸጸት ለመጨመር አይደለም፤ ሁሉም ሰው ስለ ወተቱ ሲያወራ ስለ አልጋው የሚነግርዎት ሰው ስላላገኙ ነው።

ወደፊት እንዲህ ያለ ግብዣ ሲኖርዎት ከመውጣትዎ በፊት ያጥቡት፤ ለሌሊቱ የሚሆን ወተትም አስቀድመው አልበው ያስቀምጡ፤ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከዚያም ያልጠጣ አንድ አዋቂ ሰው ሌሊቱን ሕፃኑን የመመገቡንና የማስተኛቱን ኃላፊነት እንዲወስድ ይነጋገሩ፤ ሕፃኑም በራሱ አልጋ፣ ያለ ትራስ፣ በጀርባው ይተኛ።