«የሕዋስ ደረጃ» ይባላል ወይስ «የሕዋስ ቁጥር»?

ጥያቄ፦ እናቴ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ሕመም አለባት። የምንኖረው አሜሪካ ስለሆነ ሐኪሙ የሚለውን የምተረጉምላት እኔ ነኝ። የደም ምርመራዋ ሲመጣ «በሽታ የመከላከል ሕዋሳትሽ ደረጃ ከፍ ብሏል» ብላት «ተመስገን!» አለች። ሐኪሙ ግን አሳስቦት ነበር። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እናትዎ በትክክል ሰምተዋል፤ ያሉት አማርኛ የምሥራች ነው የሚመስለው። የኑሮ ደረጃ፣ የትምህርት ደረጃ ከፍ ሲል እሰየው ነው የሚባለው። ሐኪም ቤት ውስጥ ደግሞ «ደረጃ ሦስት» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ካንሰርን ነው። በደም ውስጥ ያለ ነገር የሚቆጠር ከሆነ «ቁጥር»፣ የሚለካ ከሆነ «መጠን» እንላለን፤ የነጭ የደም ሴል ቁጥር፣ የስኳር መጠን። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችንም «ሲዲፎሬ ስንት ገባ?» ብለው የሚጠይቁት ሲዲፎር የሚባሉትን የነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ነው። «ደረጃ»ን ሕመሙ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑን ለመናገር ያቆዩት።

«ሕዋስ»ም ለእናትዎ ሩቅ ቃል ሊሆን ይችላል። በእርሳቸው ዕድሜ ያሉ ሰዎች «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት»ን ያውቃሉ፣ በደርግ ዘመን ያለፉት ደግሞ የፓርቲ ሕዋስን። በንግግር «ሴል» ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «በሽታ የመከላከል» የሚለው ነው። በክሮንስ ሰውነትን የሚጠብቁት ሴሎች ራሳቸው አንጀት ላይ ይዘምታሉ። ስለዚህ የሴሎቹ መብዛት የአቅም መጨመር አይደለም። እኔ ብሆን፣ ቁጥሩ ለምሳሌ 14,000 ቢሆን፣ እንዲህ እላቸው ነበር፦ «እማዬ፣ በደምሽ ውስጥ ነጭ የደም ሴል በዝቷል። 14,000 ገብቷል፤ የጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ4,000 እስከ 11,000 ነው። አንጀትሽ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል።» ቁስል ተቆጣ እንደምንለው ማለት ነው፤ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። በጽሑፍ ግን «የአንጀት ብግነት»ን እመርጣለሁ፤ «የአንጀት መቆጣት» ለሌላ ሕመምም ስለሚሰጥ ያምታታል።

«በደምሽ ውስጥ» የሚለውን አደራ አይዝለሉት። እነዚህ ሴሎች በብዛት የሚሰፍሩት አንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ የደሙ ቁጥር ደህና ሆኖ አንጀቱ ሊቆስል ይችላል። ሰገራ ውስጥ ካልፕሮቴክቲን የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ ኒውትሮፊል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚወጣ ፕሮቲን ነው። በተቃራኒው ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በመድኃኒቱ ብቻ የደሙ ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ «ሊሆን ይችላል»ን «ነው» አያድርጉት፤ ፍርዱ የሐኪሙ ነው።

ነገ ደግሞ አዛታዮፕሪን የታዘዘ እንደሆነ «የመከላከል አቅምሽን ያዳክማል» ብቻ ብለው አይተዉት፤ እናት ይህን ሰምታ መድኃኒቱን ብትፈራው አይፈረድባትም። «አንጀትሽን የሚያጠቁትን ሴሎች ያበርዳቸዋል፤ ግን ለሌላ ኢንፌክሽን ሊያጋልጥሽ ስለሚችል ትኩሳት ከተሰማሽ ሳታድሪ ንገሪኝ» ይበሏቸው።