ጨው ያበላሸው የጓሮ እሳት ማንደጃ፦ ኃላፊው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ቤቴ ከባሕሩ ጠረፍ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ይርቃል። ከ14 ወር በፊት አንድ ተቋራጭ በጓሮዬ በጋዝ የሚሠራ ፋየር ፒት ገንብቶልኛል። ውላችን አንድ ገጽ ሲሆን «ከማይዝግ ብረት የተሠራ በርነር፣ በድንጋይ የተለበጠ የኮንክሪት ግንብ፣ የጋዝ መስመር ዝርጋታ» ይላል። አሁን በርነሩ (ጋዙ የሚነድበት ባለቀዳዳ ብረት) ቡናማ ሆኗል፤ ቀዳዳዎቹ ስለተደፈኑ እሳቱ በአንድ በኩል ብቻ ይነዳል። ግንቡ ተሰንጥቆ ከስንጥቁ የዝገት ውኃ ይወርዳል። ተቋራጩ «የባሕር አየር ነው፣ ከአቅም በላይ ነው፤ ደግሞም አይተው ፈርመው ተረክበዋል» ይለኛል። ከዋጋው 10 በመቶ አልከፈልኩትም። እንዲያስተካክል ማስገደድ እችላለሁ? ሌላ ሰው አስገብቼ ባሠራውስ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የጋዙን ዋና ቫልቭ ዛሬውኑ ይዝጉ፤ ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ እስኪያየው ድረስም አይክፈቱት። ቀዳዳው የተደፈነ በርነር ጋዙን በወጉ አያስወጣም። መውጫ ያጣው ጋዝ ወደኋላ ተመልሶ አየር ከሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ሊነድ ወይም በግንቡ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ይህ የሕግ ጉዳይም ነው። ጉድለቱን እያወቁ መጠቀምዎን ቢቀጥሉና ሰው ቢጎዳ ወይም ንብረት ቢቃጠል፣ ተቋራጩ «ጥፋቱ የእሳቸውም ነው» የሚልበትን በር ይከፍቱለታል። ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱ እንዳይሰፋ መከላከል አለበት የሚለው መርህ በአብዛኛው አገር ሕግ የታወቀ ነው።

ወደ ዋናው ክርክር ስንመጣ፣ «ከአቅም በላይ ነው» የሚለው መልስ የሚያዋጣው አይመስለኝም። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ለመባል ነገሩ በአብዛኛው አስቀድሞ የማይገመት፣ ሊመከትም የማይችል መሆን አለበት። የባሕር አየር ጨው እንደሚሸከም ደግሞ ማንኛውም የዘርፉ ባለሙያ ያውቃል። ተቋራጩ ቦታውን መጥቶ አይቷል፣ ባሕሩ ከዚያ ቅርብ እንደሆነም ያውቃል። በሙያው የሚተዳደር ሰው ለቦታው የሚስማማ ዕቃ የመምረጥ፣ ደንበኛው የማይስማማ ዕቃ ቢፈልግ እንኳ በግልጽ የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት። «ይህ በርነር እዚህ አይቆይም» ብሎ የጻፈልዎት ነገር ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ የተላላካችሁትን መልእክት ሁሉ አሁኑኑ መልሰው ያንብቡ።

ሁለተኛው መከላከያው «የማይዝግ ብረት ተባልኩ፣ የማይዝግ ብረት አስገባሁ» የሚል ይሆናል። ክርክሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው። የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ ስቲል) ብዙ ዓይነት ነው። በገበያ በብዛት የሚገኘው 304 የሚባለው፣ በግምት 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው ነው። 316 የሚባለው ደግሞ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ተጨምሮበታል፤ በጨው ውስጥ ያለውንና ብረት የሚበላውን ክሎራይድ የተሻለ የሚቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ለብየዳ የሚመረጠው ካርበኑ ዝቅ ያለው 316ኤል ነው፤ በብየዳው ዳር የሚጀምረውን ዝገት ይቀንሳል። ውሉ ቁጥሩን ባይጠቅስም፣ ዕቃው ተቋራጩ ለሚያውቀው አገልግሎትና ቦታ የሚመጥን መሆን አለበት ብለው መከራከር ይችላሉ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ቁጥሩ በውሉ ተጽፎ ቢሆን ግን ክርክርም ባላስፈለገ ነበር።

ይሁን እንጂ ቡናማ የሆነ ሁሉ ጉድለት አይደለም፤ ይህን ሳይለዩ ክስ ቢመሠርቱ ይሸነፋሉ። እሳት የነካው ስቴንለስ ወርቃማ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ ቀለም ያወጣል፤ ይህ የሙቀት ቀለም ነው። በባሕር አካባቢ 316 እንኳ ሳይቀር ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ስስ ነጠብጣብ ይይዘዋል፤ ጥንካሬውን አይነካም፣ በአብዛኛው በእንክብካቤ የሚለቅ ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ ብረቱን ወደ ውስጥ የቦረቦረ ጉድጓድ፣ ተቀርፎ የሚነሳ ዝገት፣ ወይም በዝገት የተበላ ቀዳዳ። ዝገቱ በብየዳው መስመር ወይም በብሎኖቹ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ደግሞ የአሠራር ጥፋትን ይጠቁማል። ተራ ብረት በተቆረጠበት ዲስክ ስቴንለስ ከተሞረደ የብረቱ ብናኝ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። በዚንክ የተለበጠ ብሎን ከስቴንለስ ጋር ተገናኝቶ ጨዋማ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ዚንኩ በፍጥነት ይበላል፤ ብሎኑም ከዚያ ይከተላል።

ስለ ግንቡ «ፈርመው ተረክበዋል» ማለቱም ብዙ አያስኬደውም። በርክክብ የሚታጣው መብት በዓይን የሚታየውን ጉድለት የሚመለከት ነው፦ የተጣመመ ድንጋይ፣ ያልተገጠመ ክዳን፣ የማይበራ ማቀጣጠያ። በኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ፌሮ ግን ስውር ነው። ከስንጥቅ የዝገት ውኃ መውረዱ ፌሮው መዛግ መጀመሩን ያመለክታል፤ ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በ14 ወር ውስጥ እዚህ መድረሱ ደግሞ ባለሙያው ፌሮው በቂ የኮንክሪት ሽፋን እንዳለው፣ አሸዋው ሳይታጠብ የገባ የባሕር አሸዋ እንደሆነ፣ ውኃ መውጫ መኖሩን እንዲመረምር በቂ ምክንያት ነው። ሌላው የሚታየው እሳቱ ያለበት የውስጥ ገጽ ነው። እሳት የሚችል ጡብ በሙቀት በማይፈርስ ሞርታር ካልተደረደረበት፣ ተራ ኮንክሪት በሙቀት ይቀረፋል። የዚህ ጥፋት ባሕር አይደለም።

ማስረጃውን ሳይይዙ ምንም አያስፈርሱ። በብዙ ፋይል ላይ የማየው ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው፤ ባለቤቱ ተናዶ ያስፈርሰዋል፣ በኋላ የሚያሳየው ነገር ያጣል። በርነሩን፣ ብየዳውን፣ ብሎኖቹን፣ ስንጥቁን ማስመሪያ አጠገብ አድርገው ከቅርብና ከሩቅ ፎቶ ያንሱ፤ የበርነሩን የስም ሰሌዳና ቁጥሩንም ጭምር። በማግኔት መሞከር አያረካም፤ 304ም 316ም ማግኔት እምብዛም አይስባቸውም፣ ስለዚህ አይለያቸውም። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ ብረት መለያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ግን ሞሊብዲነም መኖር አለመኖሩን በደቂቃ ውስጥ ይነግርዎታል። ለኮንክሪቱ የፌሮ ሽፋን መለኪያ መሣሪያ አለ፤ የክሎራይድ መጠኑ ደግሞ ከናሙና በላቦራቶሪ ይለካል። ተቋራጩን በምርመራው ቀን እንዲገኝ በጽሑፍ ይጥሩት፤ ባይመጣም መጠራቱ ሪፖርቱን ያጠነክረዋል። እስከዚያ በርነሩን በሽቦ አይፈግፍጉት፣ በበረኪናም አያጥቡት። በረኪና ራሱ ክሎራይድ ትቶ ስቴንለስን ስለሚበላ፣ ለተቋራጩ የተዘጋጀ መከላከያ ይሆንለታል።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ይላኩ። ደብዳቤው ጉድለቱን አንድ በአንድ ይዘርዝር፣ ሪፖርቱ ከደረሰ ያያይዝ፣ የሚፈልጉትን ይናገር፦ በርነሩን ለቦታው በሚስማማ እንዲቀይር፣ ግንቡን እንዲያድስ፣ የጋዝ መስመሩን ዳግም ፈትሾ የግፊት ሙከራ ውጤት እንዲሰጥዎ። ምክንያታዊ የጊዜ ገደብ ያስቀምጡለት፤ ባይፈጽም በእሱ ወጪ ሌላ ሰው እንደሚያሠሩ ይግለጹ። ያልከፈሉትን 10 በመቶም እዚሁ ያንሱት። «የያዝኩት በእነዚህ ጉድለቶች ምክንያት ነው» ብለው ካልጻፉ ክፍያ ያዘገየ ሰው ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። የያዙት መጠንም ከጉድለቱ ጋር መመጣጠን አለበት።

ሌላ ባለሙያ ማስገባት የሚችሉት ገደቡ ካለፈ ወይም ተቋራጩ አልሠራም ብሎ ካሳወቀ በኋላ ነው። አስቀድመው ካስገቡ «ዕድል አልተሰጠኝም» ይላል፣ ብዙ ጊዜም ይሰማለታል። የጋዝ ማፍሰስን የመሰለ አደጋ ማቆም ግን ልዩ ነው፤ ለዚያ የተቋራጩ ምላሽ አይጠበቅም። የአዲሱ ባለሙያ ዋጋ ማቅረቢያ ጥገናውን ከማሻሻያው ለይቶ ይጻፍ። ግንቡን ቢያሰፉ ወይም ቀድሞ ያልነበረ ነገር ቢያስጨምሩ ያ ወጪ የእርስዎ ነው፤ ከተደባለቀ ሙሉው ጥያቄ ይጠረጠራል።

ሁለት ነገር ደግሞ በጎን ያጣሩ። አንደኛው የበርነሩ አምራች ዋስትና ነው። ይህ ከተቋራጩ ኃላፊነት የተለየ ነው፤ ብዙ አምራቾች የላይ ዝገትን ከዋስትናው ውጭ ያደርጋሉ፣ ክዳን መጠቀምንና በንጹሕ ውኃ ማጠብንም ይጠይቃሉ። መመሪያው በርክክብ ካልተሰጠዎት ይህን በደብዳቤው ይጥቀሱ። ሁለተኛው ፈቃዱ ነው። የግንባታና የጋዝ ፈቃድ በማን ስም እንደወጣ፣ ምርመራ መደረጉን ከአካባቢዎ መስተዳድርና ከጋዝ አቅራቢው ይጠይቁ። ተቋራጩ ሳያወጣ ሠርቶ ከሆነ ክስዎን ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን በባለሥልጣኑ ፊት የሚጠየቁት ባለቤቱ እርስዎም ነዎት፣ የመድን ድርጅቱም ይህን ምክንያት ሊያነሳ ይችላል።

እንደገና ሲያሠሩ ውሉ አንድ ገጽ አይሁን። በርነሩ 316ኤል መሆኑንና የዕቃ ማረጋገጫ ወረቀት እንደሚቀርብ፣ ብሎኖቹ ሁሉ ከዚያው ደረጃ እንደሚሆኑ፣ አሸዋው የታጠበ መሆኑን፣ ፌሮው ምን ያህል ሴንቲሜትር ሽፋን እንደሚኖረው ያስጽፉ። ከሥር የጠጠር ንጣፍና የውኃ መውጫ ይኑር፤ የተጠራቀመ ዝናብ በርነሩን ከሥር ይበላዋል። የአየር መግቢያዎቹ በተቃራኒ ጎኖች ይሁኑ፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ቀዳዳው ወደታች ዝቅ ይበል፣ የተፈጥሮ ጋዝ ግን ቀላል ስለሆነ ከላይም መውጫ ይፈልጋል። ከባሕር ዳርቻ የተለቀመ ድንጋይ እሳቱ ውስጥ እንዳይገባ ያስከልክሉ፤ ውስጡ የያዘው ውኃ በሙቀት እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። ቦታው ሲመረጥም ነፋሱ ቀን ከባሕር ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ባሕር እንደሚነፍስ ይታሰብ፤ ቀን የተለካ ቦታ ማታ ነበልባሉን ወደ አጥር ወይም ወደ ጎረቤት ሊያዞር ይችላል። የመጨረሻው ክፍያ የተወሰነ ክፍል ደግሞ አንድ የዝናብና የነፋስ ወቅት ካለፈ በኋላ እንዲከፈል ይስማሙ።

ስለ ጊዜ ልጨምር። ጉድለት ሲታወቅ ቶሎ ማሳወቅ እና ክስ በይርጋ (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ በማለፉ) ሳይታገድ ማቅረብ ሁለት የተለያዩ ገደቦች ናቸው፤ ርዝመታቸው ከአገር አገር ይለያያል፣ አንዳንዱ ከርክክብ ቀን አንዳንዱ ጉድለቱ ከታወቀበት ቀን ይቆጠራል። ተቋራጩ በስልክ «መጥቼ አየዋለሁ» እያለ ወራት ቢያልፉ፣ ያ የቃል ተስፋ ብቻውን ይርጋውን ያቆምልኛል ብለው አይተማመኑ። ማስጠንቀቂያውን ለመላክ የባለሙያውን ሪፖርት እንኳ አይጠብቁ፤ የታየዎትን ዘርዝረው በዚህ ሳምንት ይላኩ፣ ሪፖርቱን በኋላ ያያይዙ። መድረሱን የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም የፈረመበትን ቅጂ ይያዙ፤ ከውሉና ከክፍያ ደረሰኞቹ ጋርም በአካባቢዎ ለሚሠራ ጠበቃ ያሳዩ።