አበባው ያለው በአምናው ቅርንጫፍ ላይ ነው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ ሃይድራንጂያ ስለሆኑ፣ የዛሬውን ዓምድ ለዚህ ተክል ብቻ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ ባለው ግቢያችን ሁለት እግር ሃይድራንጂያ አለ። ቅጠሉ ያማረ ቢሆንም ሦስት ዓመት ሙሉ አበባ አላየንበትም። አትክልተኛችን በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ከሥሩ አስጠግቶ ይከረክመዋል፤ ዩሪያም ይሰጠዋል።

መልስ፦ ምክንያቱን በጥያቄዎ ውስጥ ራስዎ ነግረውኛል። በከተማችን ግቢዎች በብዛት የሚታየውና የትውልድ አገሩ ጃፓን የሆነው ቅጠለ ሰፊው ሃይድራንጂያ በዋነኛነት የሚያብበው ባለፈው ወቅት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ሲሆን፣ የአበባውን እምቡጥም ከመፈንዳቱ ከወራት በፊት በቅርንጫፉ ጫፍ ቋጥሮ ያስቀምጣል። ስለዚህ ከሥር የተከረከመ ተክል የዓመቱን አበባ ከነቅርንጫፉ አጥቷል ማለት ነው። እባክዎ ዘንድሮ መቀሱ ይቅር። ወደፊት የደረቀውን አበባ ብቻ፣ ከአበባው በታች ካሉት ሁለት ጥንድ ቅጠሎች በላይ ይቁረጡ፤ ጫፉ ላይ ወፈር ያለ ክብ እምቡጥ ያለበትን ቅርንጫፍ ግን ፈጽሞ አይንኩ። ዩሪያም ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን በመሆኑ ቅጠልን ያፋፋል እንጂ አበባ አያመጣም፤ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ እኅቴ ሚኒሶታ ትኖራለች። የእኛን ዓይነት ሃይድራንጂያ ተክላ በየዓመቱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን አያብብም። እርሷ መቀስ አስነክታው አታውቅም።

መልስ፦ የእኅትዎን ተክል የሚቆርጠው ብርዱ ነው። እኛ በጋ በምንላቸው ወራት፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት፣ በዚያ አገር ሙቀቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ሥሩ በአፈርና በበረዶ ተሸፍኖ ሲተርፍ ከላይ የቀረው ቅርንጫፍ ከነእምቡጡ ይሞታል። የአዲስ አበባ ብርድ፣ የታኅሣሥ ሌሊትም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም፤ ለዚህም ነው የእኛና የእርሷ ችግር መልኩ አንድ ሆኖ ምክንያቱ የተለያየው። ተክሉን ማቆየት ከፈለገች፣ መሬቱ ከመጠንከሩ በፊት ዙሪያውን በሽቦ አጥራ ቅርንጫፎቹ እስኪሸፈኑ ድረስ ደረቅ ቅጠል ትሙላበት፤ የምታነሣውም የጸደዩ ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ይሁን። ይህ ግን በየዓመቱ የሚደገም ድካም ነው፤ ለእኔ ከሆነ ዝርያ መለወጡ ይሻላል። በኢሊኖይ ግዛት አና በምትባል ከተማ አቅራቢያ የተገኘው «አናቤል» እና አበባው ሾጠጥ ያለው ፓኒኩላታ በዚያው ዓመት በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያብቡ፣ ብርዱ የላይኛውን ክፍል ቢገድለውም አበባ አይቀርባቸውም። በ2004 እ.ኤ.አ. ከዚያው ከሚኒሶታ ለገበያ የቀረበው «ኤንድለስ ሰመር» በአሮጌውም በአዲሱም ቅርንጫፍ ያብባል፤ ሆኖም አዲሱ ቅርንጫፍ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ አበባው ሊዘገይባት ይችላል።

ጥያቄ፦ ተክሉን ትልቅ ዛፍ ሥር ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ጥላው ከበዛ አያብብም፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበትና ከቀትር በኋላ ጥላ የሚሆንበት ቦታ ይምረጡለት።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ያለው ሰማያዊ አበባ ዘንድሮ ሮዝ ሆነብኝ። የቡና አተላ ባደርግበትም አልተመለሰም።

መልስ፦ ቀለሙን የሚወስነው ከአፈሩ የሚያገኘው አሉሚኒየም ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲሆን ተክሉ አሉሚኒየሙን ስለሚስብ አበባው ሰማያዊ ይሆናል፤ ከ6.5 በላይ ሲሆን ደግሞ ሮዝ ይሆናል። ከሲሚንቶ ግድግዳ የሚታጠብ ኖራና የከሰል አመድ አሲዱን ስለሚያረክሱት ማሰሮውን ከሁለቱም ያርቁ። የተፈላ ቡና አተላ አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ ለውጥ አላመጣልዎትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ አሉሚኒየም ሰልፌት በ4 ሊትር ውኃ አሟሙተው፣ አፈሩ አስቀድሞ ከረጠበ በኋላ ተክሉን ያጠጡት። የተከፈተው አበባ ቀለሙን ወዲያው አይለውጥም፤ ለውጡን የሚያዩት በሚቀጥለው አበባ ላይ ነው።