ከተፋታሁ 8 ወር ሆነኝ፤ ሌላ ሰው ለመተዋወቅ ቸኮልኩ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 41 ነው። 14 ዓመት በትዳር ከቆየን በኋላ ከባለቤቴ ጋር ተፋታን። 8 ወር ሆነን። የ9 ዓመት ልጅ አለችን። ከሁለት ሳምንት በፊት አብሮኝ የሚሠራ ሰው «ከሥራ በኋላ ወጣ ብለን እናውራ» ብሎ መልእክት ላከልኝ። ደስ የሚለኝ ሰው ነው፤ ግን እስካሁን አልመለስኩለትም። እህቴ «ቢያንስ ዓመት ይሙላሽ» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ፍቅርን የሚያስረሳው ሌላ ፍቅር ነው» ትለኛለች። እኔ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና የቀድሞ ባለቤቴን ፌስቡክ ሳይ ይነጋብኛል። ዝግጁ መሆኔን በምን ልወቅ? በሕክምና የሚታወቅ ጊዜ አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። በሕክምና የተቆረጠ ጊዜ የለም። የእህትዎ «ዓመት ይሙላሽ» ለእርስዎ ከማሰብ የመጣ ምክር ነው፤ የሐኪም ትእዛዝ ግን አይደለም። አንዳንድ ሰው ትዳር ውስጥ እያለ ለዓመታት አልቅሶ ጨርሷል። ወረቀቱ ሲፈረም እፎይ ይላል። ሌላው ደግሞ ፍቺው ዱብ ዕዳ ይሆንበታል፤ ሐዘኑ የሚጀምረው ያን ቀን ነው። ሁለቱም 8 ወር ሞላቸው ቢባል አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ፍቺውን የጠየቀው ማን እንደሆነ አልጻፉልኝም። እሱን ለራስዎ ይመልሱት፤ ብዙ ነገር ይለውጣል።

በራስዎ ላይም አይፍረዱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ሆልምስ እና ራሂ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሕይወት ገጠመኞች በሰው ላይ የሚያሳድሩትን ጫና በነጥብ አስቀምጠው ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ተሰጠው። ሁለተኛው ፍቺ ነው፤ 73። የቅርብ ቤተሰብ ሞት እንኳ 63 ነው። ሰው ሲሞት ግን ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ያጽናናል። የተፋታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው የሚያዝነው፤ በማግስቱም ሥራ ይገባል።

ደብዳቤዎን ሳነብ የሰውየው መልእክት አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ሌሊት 9 ሰዓት ነው።

ከእንቅልፍ ቀድሞ መንቃትና መልሶ መተኛት አለመቻል ከድብርት ምልክቶች አንዱ ነው። ብቻውን በሽታ ነው ማለት አይደለም። ግን በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሦስት ወርም ካለፈው፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከእሱ ጋር ለሁለት ሳምንት ያህል ቀኑን ሙሉ የሚከፋዎት ከሆነ፣ ድሮ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋ፣ ቀጠሮ ይያዙ። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሰው ይንገሩና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ድብርት ይታከማል። በምክር ይታከማል፣ በመድኃኒትም ይታከማል። መድኃኒቱ በደንብ እስኪሠራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አንዳንዱ መድኃኒት የወሲብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ እንዲህ ሲሆን ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡት።

ስልኩን ዛሬ ማታ ከመኝታ ክፍል ያውጡት። መቀስቀሻ ካስፈለገዎት ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙ። የቀድሞ ባለቤትዎን ገጽም ለጊዜው እንዳይታይዎት ያድርጉ። ስለ ልጃችሁ መነጋገር የግድ ነው፤ እሱ በስልክ ወይም በመልእክት ይበቃል። በየሌሊቱ ፎቶውን ማየት ግን ቁስሉን በየቀኑ መንካት ነው፤ እንዴት ይሽራል?

አሁን ወደ ሰውየው። ዝግጁ መሆንን የሚለካ የደም ምርመራ የለም። እኔ ታካሚዎቼን የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ። መልእክት ልከው ሁለት ቀን ባይመልስልዎት ምን ይሆናሉ? ቅር ብሎዎት አንድ ምሽት ካዘኑ በኋላ ሥራዎን ከቀጠሉ፣ ጤና ነው። «ድሮም እኔ የምወደድ ሰው አይደለሁም» ብለው የሚወድቁ ከሆነ ግን ያ ሰው የቁስልዎ ፋሻ እየሆነ ነው። ይህ ለእሱም ከባድ ነው።

አንዲት ታካሚዬ ከአዲስ ጓደኛዋ ጋር ፎቶ ስትነሳ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ይሄን ሲያይ ምን ይል ይሆን» የሚል እንደነበር ነገረችኝ። የምታስበው አጠገቧ የቆመውን ሳይሆን የድሮውን ነበር። ያኔ ነው ገና መሆኗን ያወቀችው። ማንም አልነገራትም።

ጓደኛዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች አልልም። የሚያስደስት ሰው ሲገጥም ልብ ሞቅ ማለቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ በጣም የተጎዳ ሰው ይህ ስሜት ራሱ አይመጣለትም። ወጣ ብሎ ማውራት ደግሞ ትዳር አይደለም። በእኔ እይታ መውጣቱ አይጎዳዎትም። የሚጎዳው መቸኮሉ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ አብሮ መኖር፣ ገንዘብ መቀላቀል፣ ሌሊቱን እንዲያስተኛኝ ብሎ ሰው መያዝ።

ልጅዎን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። በ9 ዓመት ዕድሜ ብዙ ልጆች እናትና አባቴ ይታረቃሉ ብለው በልባቸው ይጠብቃሉ። ግንኙነቱ ለወራት ሳይጸና ሰውየውን አያስተዋውቋት። ልጅ ከለመደችው ሰው ስትለይ ሌላ ፍቺ ይሆንባታል። ጊዜው ሲደርስም ከሰው ከምትሰማ ከእርስዎ ትስማ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ብለው ግን በፍጹም ምስጢር አያሸክሟት።

ብዙዎች አፍረው የማይጠይቁኝን ደግሞ እኔው ላንሳው። ግንኙነቱ ወደ አልጋ ከማምራቱ በፊት ሁለታችሁም ተመርመሩ፦ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ)። በትዳር ውስጥ ታማኝ ነበርኩ ማለት አይበቃም፤ የሌላውን ሰው ሕይወት አናውቅም። በኤችአይቪ ከተያዙ በኋላ ምርመራው ወዲያው ላያሳይ ይችላል። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ መያዝዎን ለማሳየት ከተጋለጡበት ቀን ጀምሮ እስከ 90 ቀን ሊወስድበት ስለሚችል እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀሙ። በ41 ዓመት ማርገዝ አሁንም ይቻላል። በትዳር ጊዜ ያስገቡት ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ) ካለ የሚያበቃበትን ዓመት ይመልከቱ። የሚያጨሱ ከሆነ፣ ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ እንክብል ከ35 ዓመት በኋላ አንመክርም፤ የደም መርጋት አደጋው ከፍ ይላል። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ካደረጉ ከቆዩም በዚያው ቀጠሮ ይጨርሱት።

ለመልእክቱ አንድ መስመር ይበቃል። «ደስ ይለኛል፤ ግን ቀስ ብዬ ነው የምሄደው» ይበሉት። ምን ብሎ እንደሚመልስ ልብ ይበሉ፤ ቀስ ማለትን የሚጠላ ሰው ገና ከጅምሩ ይታወቃል። ስልኩን ከክፍሉ አውጥተው ሁለት ሳምንት ይሞክሩ። ሌሊት 9 ሰዓት አሁንም ካነቃዎት በአቅራቢያዎ ያለ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ለእኔም ይጻፉልኝ።